ካርቶኑን የሚያሽገው መጋዘኑ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ድርጅቶች የቆየውን የሰነድ መለዋወጫ ሶፍትዌራቸውን በአዲስ ስለመተካታቸው በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ አንድ አስተያየት ደጋግሜ አነባለሁ። በኤሌክትሮኒክ የጭነት ማስታወቂያዎች ላይ ስሕተት የሚበዛው ሶፍትዌሩ ስላረጀ ነው፣ ሶፍትዌሩ ሲቀየር ስሕተቱም አብሮ ይጠፋል የሚል ነው። ለብዙ ዓመታት እነዚህን ማስታወቂያዎች የሚያዘጋጁ ማፖችን፣ ማለትም የመረጃ ማዛመጃ ደንቦችን፣ ስጽፍና ሌሎች የጻፏቸውን ስጠግን የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህን እያነበብኩ ዝም ማለት ከብዶኛል። ካየኋቸው ስሕተቶች ውስጥ ከሶፍትዌሩ ዕድሜ የመነጩት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት የተፈጠሩት ማፑ መጋዘኑ ያልመዘገበውን ነገር ራሱ ፈጥሮ እንዲናገር በመደረጉ ነው፤ እንዲህ ያለው ማፕ ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ሲገለበጥ ደግሞ ጥፋቱን ይዞ ይሻገራል።

ጉዳዩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። የጭነት ማስታወቂያ ማለት ሻጭ ዕቃውን ከመጋዘኑ ሲያወጣ፣ ዕቃው ገዢው ዘንድ ከመድረሱ በፊት፣ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚልከው ሰነድ ነው። ምን እንደተጫነ፣ በየትኛው ትእዛዝ እንደሆነ፣ በስንት ፓሌትና በስንት ካርቶን እንደታሸገ፣ በየካርቶኑ ውስጥም ምን ያህል ዕቃ እንዳለ ይናገራል። የእነዚህን ሰነዶች አጻጻፍ ከሚወስኑት መመዘኛዎች በአንዱ፣ በኤክስ 12፣ የሰነዱ ቁጥር 856 ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት የኤዲፋክት መመዘኛ ዴሳድቭ ይባላል። ማፕ የምንለው ደግሞ በድርጅቱ የውስጥ ፕሮግራም ፋይል ላይ ያለው እያንዳንዱ መረጃ በሚላከው ሰነድ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውን የማዛመጃ ደንብ ነው።

ሰነዱ አስቀድሞ የደረሰው ገዢ ካርቶኑን አይከፍትም። በካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ባርኮድ በስካነር ያነባል፤ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ከማስታወቂያው ጋር ያገናኘዋል፤ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የዕቃ ብዛት እንዳለ ወደ ክምችቱ ይገባል። የሰነዱ ጥቅም በሙሉ ያለው በዚህ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ነው። ገዢው ዓይኑን ትቶ ሰነዱን ስላመነ፣ ሰነዱ ላይ ያለው ስሕተት ማንም ሳያየው ወደ ክምችቱ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሂሳቡ፣ ከሂሳቡም ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ ይሸጋገራል።

የዚህ ሙያ መነሻው ራሱ የጭነት ዝርዝር መሆኑን ማስታወስ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የምዕራብ በርሊን የየብስና የውኃ መንገዶች ተዘግተው ምግቡም የድንጋይ ከሰሉም በአውሮፕላን ይገባ በነበረበት ጊዜ፣ በቅርጽም በቋንቋም የተለያዩ የጭነት ዝርዝሮች ሥራውን ያጓትቱት ነበር። ኤድዋርድ ጊልበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በቴሌክስ፣ በሬዲዮ ወይም በስልክ ሊተላለፍ የሚችል አንድ ወጥ የዝርዝር አጻጻፍ አዘጋጀ። ይህ ልምድ ቆይቶ በ1968 በተቋቋመው የትራንስፖርት መረጃ አስተባባሪ ኮሚቴ በኩል ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገረ፤ በ1979 የኤክስ 12 ኮሚቴ ተመሠረተ። እነዚያ የመጀመሪያ ዝርዝሮች የተጻፉት ከአውሮፕላኑ ሆድ አጠገብ፣ ጭነቱን እያየ በሚቆጥር ሰው ነበር። ዛሬ በብዙ ድርጅቶች ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ጭነቱን አይቶት የማያውቅ ማፕ ነው።

ከሌሎች የንግድ ሰነዶች ይልቅ ይህኛው ማፕ ጸሐፊን የሚፈትንበት ምክንያት አለው። የግዢ ትእዛዝም ሆነ ደረሰኝ በመሠረቱ ራስጌና ተከታታይ መስመሮች ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች እየተነበቡ ይጻፋሉ። የጭነት ማስታወቂያ ግን እንደ ቤተሰብ ሐረግ ነው። በኤክስ 12 ይህን ሐረግ የሚሸከመው «ኤች ኤል» የተባለው ሴግመንት (የሰነዱ አንድ መስመር) ሲሆን አራት ነገሮችን ይይዛል፤ የራሱን ተራ ቁጥር፣ የወላጁን ተራ ቁጥር፣ የደረጃውን መለያ ፊደል፣ ልጅ ያለው መሆን አለመሆኑን። ፊደሎቹ «ኤስ» ለጭነቱ፣ «ኦ» ለትእዛዙ፣ «ቲ» ለፓሌቱ፣ «ፒ» ለካርቶኑ፣ «አይ» ለዕቃው ናቸው።

አንድ ጭነት ሁለት ትእዛዞችን ይዟል እንበል። የመጀመሪያው ትእዛዝ በሁለት ካርቶን፣ ሁለተኛው በአንድ ካርቶን ታሽጓል፤ የመጀመሪያው ካርቶን ሁለት ዓይነት ዕቃ፣ ሌሎቹ ሁለቱ አንድ አንድ ዓይነት ይዘዋል። ቁጥሮቹ እንዲህ ይሄዳሉ። ጭነቱ 1 ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ 2 ሲሆን ወላጁ 1 ነው። የመጀመሪያው ካርቶን 3፣ ወላጁ 2፤ በውስጡ ያሉት ዕቃዎች 4 እና 5፣ የሁለቱም ወላጅ 3። ሁለተኛው ካርቶን 6፣ ወላጁ ተመልሶ 2፤ ዕቃው 7፣ ወላጁ 6። ከዚያ ሁለተኛው ትእዛዝ 8 ይሆናል፤ ወላጁ ግን ከላይ እስከ ታች ሳይለወጥ የቆየው 1 ነው። ካርቶኑ 9፣ ወላጁ 8፤ ዕቃው 10፣ ወላጁ 9። ተራ ቁጥሩ በሰነዱ ውስጥ ፈጽሞ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የወላጅ ቁጥሩ ግን እየዘለለ ወደ ላይ ይመለሳል።

በቆዩት ሶፍትዌሮች ተራ ቁጥሩን ማውጣት ቀላል ነው። ለምሳሌ በጄንትራን የማፕ ማዘጋጃ ግብዓቱ በአንድ ጎን፣ ውጤቱ በሌላው ጎን ተዘርግቶ ይታያል፤ አኩሙሌተር የሚባለውን ቆጣሪ ከኤች ኤሉ የመጀመሪያ ኤለመንት (የመረጃ መስክ) ጋር ማያያዝ ብቻ ይበቃል፣ ሉፑ (የሚደጋገመው የሰነዱ ክፍል) በተደጋገመ ቁጥር ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ጭንቀቱ የወላጁ ቁጥር ላይ ነው። ማፑ ወደ አዲስ ትእዛዝ በገባ ቁጥር የትእዛዙን ቁጥር በተለየ ቫሪያብል (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ ማስቀመጥ፣ ካርቶን ሲጽፍ ያንን ማውጣት፣ ካርቶኑ የራሱን ቁጥር ደግሞ ለዕቃዎቹ ማስቀመጥ አለበት። ከእነዚህ ማስቀመጫዎች አንዷ በጊዜዋ ካልታደሰች የቀድሞው ቁጥር እዚያው ተኝቶ ይቀራል፤ ሶፍትዌሩም ምንም ቅሬታ አያሰማም።

ይህ በእኔው እጅ ደርሷል። ለአንድ ገዢ የጻፍኩት ማፕ በሙከራ ጊዜ ያለ እንከን አለፈ፤ ሁሉም የሙከራ ጭነቶች አንድ አንድ ትእዛዝ ብቻ የያዙ እንደነበሩ ግን ልብ አላልኩም። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሁለት ትእዛዝ የያዘ ጭነት ወጣ። ሁለተኛው ትእዛዝ 8 ተብሎ በትክክል ተጻፈ፤ ከሥሩ ያለው ካርቶን ግን ወላጁን 2 ብሎ ጠራ፣ ምክንያቱም የትእዛዝ ቁጥሩን የማስቀምጥበትን ደንብ ያሰፈርኩት ሉፑ ውስጥ ሳይሆን ከሉፑ በፊት ነበር። የገዢው ኮምፒዩተር የተነገረውን አደረገ፤ የሁለተኛውን ትእዛዝ ዕቃ በመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ መዘገበ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከታዘዘው በላይ የተረከበ መሰለ፤ ሁለተኛው ምንም ያልተላከለት ሆነ፤ የሁለተኛው ትእዛዝ ደረሰኝ ርክክብ የለም ተብሎ ተመለሰ፤ ገዢውም ዕቃው አልመጣም ብሎ እንደገና አዘዘ። ምክንያቱን ያገኘሁት ከሳምንት በላይ ከፈለግሁ በኋላ ነው።

በእነዚያ ቀናት ሁሉ ከገዢው ወገን የሚመጣው 997 የተባለው የመቀበያ ማረጋገጫ «ተቀብለናል» ይል ነበር። ይህን ከሁሉ በላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ የሥራ ኃላፊዎች ያንን ማረጋገጫ የትክክለኛነት ማስረጃ አድርገው ይይዙታልና። 997 የሚመሰክረው የሰነዱ ሰዋስው ትክክል መሆኑን ብቻ ነው፤ ሴግመንቶቹ በተራቸው መኖራቸውን፣ ግዴታ የሆኑት ኤለመንቶች አለመጉደላቸውን፣ ርዝመታቸው በልክ መሆኑን። ወላጁ 2 የተባለው ካርቶን፣ 2 የሚባል ቁጥር በሰነዱ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ካርቶኑ በእውነት በየትኛው ትእዛዝ እንደታሸገ 997 የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የእኔ ጥፋት ግን የቸልታ ነበር፤ ሲገኝ ታርሟል። ከዚህ የሚከፋው ሆን ተብሎ በማፕ ውስጥ የሚጻፍ ፈጠራ ነው፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

ትልልቅ ገዢዎች ማስታወቂያው በካርቶን ደረጃ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ፤ ሳይላክ ወይም ዘግይቶ ሲላክ ከሻጩ ክፍያ ላይ ቅጣት ይቀንሳሉ። ሻጩ ግን መጋዘኑ ውስጥ በየካርቶኑ የገባውን ዕቃ የሚመዘግብ አሠራር ላይኖረው ይችላል። አሻጊዎቹ ያሽጋሉ፣ ጠቅላላ ብዛቱን ይጽፋሉ፣ ጭነቱ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የሥራ ኃላፊው ወደ ማፕ ጸሐፊው ይመጣና ሰነዱ እንዲያልፍ አድርግ ይለዋል። ማፕ ጸሐፊውም ማካፈል ይጀምራል። 100 ፍሬ ተልኳል፤ አንድ ካርቶን በመደበኛው 24 ፍሬ ይይዛል፤ ስለዚህ ማፑ አራት ሙሉ ካርቶኖችንና 4 ፍሬ የያዘ አምስተኛ ካርቶን ይጽፋል። አሻጊው ግን የመጨረሻው ካርቶን ባዶ ሆኖ እንዳይጨፈለቅ አስቦ በአምስቱም ውስጥ 20፣ 20 ፍሬ አስገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ አሻጊም ያደርገዋል።

አሁን ሰነዱን የሚመረምሩት ነገሮች ሁሉ ምን እንደሚያዩ እናስብ። የካርቶኖቹ ቁጥር 5 ነው፤ በእውነትም 5 ነው። የዕቃው ድምር 100 ነው፤ በእውነትም 100 ነው። በሰነዱ መጨረሻ «ሲ ቲ ቲ» በተባለው ሴግመንት ውስጥ ለመቆጣጠሪያ የሚጻፈው የተላከው ብዛት ድምርም 100 ሆኖ ይገጥማል። ገዢው ካርቶኖቹን ሳይከፍት ለአምስት ቅርንጫፎቹ ሲያከፋፍል፣ አራቱ ቅርንጫፎች 24 ፍሬ ተረክባችኋል ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው ከፍተው 20 ያገኛሉ። አምስተኛው 4 ተብሎ ተነግሮት 20 ያገኛል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ሠራተኛ ጎደለብህ ተብሎ ይጠየቃል ወይም የተረፈውን ዝም ብሎ ያስቀምጣል። ምንም ያልጎደለበት ጭነት አምስት ቦታ ክርክር ያስነሣል፤ የክርክሩም ምንጭ በማፕ ውስጥ የተጻፈች አንዲት የማካፈል መስመር ናት።

እንዲህ ያለ መስመር እንድጽፍ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ ጽፌም አውቃለሁ። ያኔ ራሴን ያሳመንኩበት ምክንያት ድምሩ እስከገጠመ ድረስ ማንም አይጎዳም የሚል ነበር። የተጎዳውን ሰው ከማፑ ጀርባ ሆኜ ላየው ስለማልችል ነው እንዲህ ያሰብኩት።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው የመለያ ቁጥሩ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ወይም ፓሌት ኤስ ኤስ ሲ ሲ የሚባል 18 አኃዝ ያለው መለያ ይለጠፍበታል፤ አንድ የማስፋፊያ አኃዝ፣ የድርጅቱ መለያ፣ ተከታታይ ቁጥርና የማረጋገጫ አኃዝ። የማረጋገጫ አኃዙ የሚገኘው የመጀመሪያዎቹን 17 አኃዞች በየተራ በ3 እና በ1 እያባዙ ደምሮ፣ ድምሩን ወደሚቀጥለው የ10 ብዜት የሚያደርሰውን በመውሰድ ነው። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ አንዳንድ ማፖች ቁጥሩን ራሳቸው ያመነጩታል። የባርኮድ አታሚው ግን በራሱ ተራ ሌላ ቁጥር አትሞ ይለጥፋል። ውጤቱ የማረጋገጫ አኃዙ ፍጹም ትክክል የሆነ፣ ነገር ግን በየትኛውም ካርቶን ላይ የሌለ ቁጥር ነው። ቁጥሩን መስጠት የአታሚው ወይም የማሸጊያው ሥርዓት ሥራ ነው፤ ማፑ የተሰጠውን ከማድረስ በቀር በዚህ ሥራ ውስጥ እጁ ሊኖርበት አይገባም።

ማድረሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቁጥሩን የሚቀበለው መስክ በማፑ ውስጥ የቁጥር ዓይነት ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሶፍትዌሩ ከፊት ያለውን ዜሮ ትርጉም የለውም ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ የማስፋፊያ አኃዙ 0 በሆነበት ሁሉ 18ቱ 17 ይሆናሉ፣ እንዲያም ከዚያ ያነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። መስኩ የጽሑፍ ዓይነት መሆን አለበት። አንዳንድ ገዢዎች ደግሞ በባርኮዱ መጀመሪያ ያለውን ሁለት ዜሮ ጨምረው 20 አኃዝ ይጠብቃሉ፣ ሌሎች 18ቱን ብቻ ይፈልጋሉ። ይህ በገዢው መመሪያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚጻፍ ዓይን ያልፈዋል።

የዕቃ ብዛቱን ከትእዛዙ ፋይል የሚወስድ ማፕም አይቻለሁ። ሙሉ በሙሉ የተሟላ ጭነት ሲሆን ልዩነቱ አይታይም፤ ከታዘዘው 60 ውስጥ 48 ብቻ ሲላክ ግን ማስታወቂያው 60 ይላል። በካርቶን የታዘዘ በፍሬ ሲላክ መለኪያውን ሳይለውጥ ቁጥሩን ብቻ የሚያሳልፍም አለ። ጭነቱ የወጣበት ቀን በሚጻፍበት ቦታ ኮምፒዩተሩ ሰነዱን ያዘጋጀበትን ቀን የሚያስገባም አለ፤ መኪናው ግን ገና በማግስቱ ሊወጣ ይችላል። የሦስቱም መነሻ አንድ ነው፤ ትክክለኛውን መረጃ ከምንጩ ከመጠየቅ ይልቅ በቅርብ የተገኘውን መውሰድ።

የሰነዱ አወቃቀርም በማፕ ውስጥ በቋሚ ቁጥር ተወስኖ የሚቀር ጉዳይ ነው። በሰነዱ መጀመሪያ ያለው «ቢ ኤስ ኤን» ሴግመንት በአምስተኛው ኤለመንቱ የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል ይናገራል። 0001 ማለት ጭነት፣ ትእዛዝ፣ ካርቶን፣ ዕቃ ነው፤ 0002 ደግሞ ዕቃው ከካርቶኑ በፊት ይመጣል። ሁለተኛው አንድ ካርቶን አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ሲይዝ ያምራል። ሁለት ዓይነት ዕቃ የተቀላቀለበት ካርቶን ሲመጣ ግን የካርቶኑ መለያ በሁለቱም ዕቃዎች ሥር ሊደገም ግድ ይሆናል፤ ገዢውም አንዱን ካርቶን ሁለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከዓመታት በፊት 0002 ብሎ የወሰነው ሰው በጊዜው ትክክል ነበር ይሆናል፤ መጋዘኑ ከዚያ ወዲህ ዕቃ እያቀላቀለ ማሸግ መጀመሩን ለማፑ የነገረው የለም።

እንግዲህ ድርጅቱ አዲስ ሶፍትዌር ሲያስገባ ምን ይሆናል? የጄንትራን ባለቤት የነበረውን ስተርሊንግ ኮሜርስን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ከገዛ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት፣ ከአንዱ የመለዋወጫ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የተደረጉ ሽግግሮች ብዙ ናቸው። በየሽግግሩ የሚሰጠው ተስፋ የቆዩት ማፖች በመለወጫ መሣሪያ አማካይነት እንዳሉ ይሻገራሉ የሚል ነው። መሣሪያው ደንቡን ይተረጉማል፤ ደንቡ ለምን እንደተጻፈ አያውቅም። የማካፈያዋ መስመር በአዲሱ ቋንቋ ተጽፋ ትቀመጣለች፤ ከሉፑ ውጭ የተቀመጠው የወላጅ ቁጥር አሁንም ከሉፑ ውጭ ይሆናል። ሙከራውም የሚካሄደው የአሮጌውን ሶፍትዌር ውጤት ከአዲሱ ጋር በመስመር በመስመር በማስተያየት ስለሆነ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲናገሩ ፈተናው አለፈ ይባላል። ልዩነት ሲገኝም አዲሱ እንደ አሮጌው እንዲሆን ይታረማል፤ አሮጌው ተሳስቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ከአንዱ መመዘኛ ወደ ሌላው መሻገር ሲጨመርበት ጉዳዩ ይብሳል። በኤዲፋክት ዴሳድቭ ውስጥ ሐረጉን የሚሸከመው «ሲ ፒ ኤስ» የተባለው ሴግመንት የራሱንና የወላጁን ቁጥር ይይዛል፤ ነገር ግን ትእዛዝ በኤክስ 12 እንዳለው ራሱን የቻለ ደረጃ አይደለም፣ የትእዛዙ ቁጥር እንደ ማጣቀሻ በዕቃው መስመር ላይ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ከ856 ወደ ዴሳድቭ የሚሄድ ማፕ አንዱን ደረጃ አፍርሶ ወደ መስመሮቹ መበተን አለበት። የተለያየ ትእዛዝ ዕቃ በአንድ ካርቶን ውስጥ ሲገኝ ዴሳድቭ ይህን ያለ ችግር ሊናገር ይችላል፤ ካርቶኑን በአንድ ትእዛዝ ሥር የሚያስቀምጠው ባለ አራት ደረጃ የኤክስ 12 ሐረግ ግን አይችልም። ይህን ልዩነት ያላሰበ ቀጥተኛ ግልበጣ ትእዛዞችን ያደባልቃል።

አሮጌው ሶፍትዌር ለዘላለም ይኑር ማለቴ አይደለም። የአምራቹ ድጋፍ የተቋረጠበት፣ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ፣ የሚያውቀውም ሰው ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሶፍትዌር መተካቱ ተገቢ ነው። የምቃወመው ማፑ ሳይመረመር መተካቱን ነው። ለሽግግር የሚመደበው ጊዜና ገንዘብ ሁሉ ለፈቃድና ለተከላ ሲውል፣ አንድ ቀን እንኳ መጋዘኑ ውስጥ ለመቆም የማይመደብበት ምክንያት አይገባኝም።

በእኔ ልምድ ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ እንዲህ ነው። ከመውጣቱ በፊት ያለ አንድ ጭነት ይመረጣል፤ የተዘጋጀለት ማስታወቂያ በሰው ቋንቋ ታትሞ ወደ መጋዘኑ ይወሰዳል፤ ካርቶኖቹ ተከፍተው አሻጊው ባለበት አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከዚያ ወደ ማፑ ተመልሶ በሰነዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ይጻፋል፤ በማሸጊያው ቦታ ከተመዘገበው ነው፣ ከትእዛዙ ነው፣ ወይስ ማፑ ራሱ የፈጠረው? ሦስተኛው መልስ በመጣበት ሁሉ ቀይ ምልክት ይደረጋል። ይህ ዝርዝር በእጅ ከሌለ ምንም ዓይነት የመለወጫ መሣሪያ ባይነካው እመርጣለሁ። ለሙከራም ሁለት ትእዛዝ የያዘ ጭነት፣ የተቀላቀለ ካርቶን፣ ተቀንሶ የተላከ ዕቃና መለያው በዜሮ የሚጀምር ካርቶን ሳይካተቱ ማፑ ተፈትኗል ማለት አይቻልም። እኔን የጣለኝ ከእነዚህ የመጀመሪያው አለመካተቱ ነበር።

መጋዘኑ በካርቶን ደረጃ መመዝገብ ካልቻለስ? ሐቀኛ መንገድ አለ። በዚያው በቢ ኤስ ኤን ሴግመንት 0004 የተባለው አወቃቀር ጭነትን፣ ትእዛዝንና ዕቃን ብቻ ይናገራል፤ ካርቶን አይጠቅስም። የሚታወቀውን ይናገራል፤ የማይታወቀውን ይተዋል። ገዢው በእንዲህ ያለው ማስታወቂያ ካርቶኖቹን ከፍቶ መቁጠር ይኖርበታል፤ ግን መቁጠር እንዳለበት ያውቃል። ብዙ ገዢዎች ይህን አወቃቀር አይቀበሉም፣ ከላኩላቸውም ይቀጣሉ። ስለዚህ ነገሩ የሻጮች ብቻ አይደለም፤ የገዢ ድርጅቶችን ኃላፊዎችም የምለምነው አለኝ። በካርቶን ደረጃ መላክ የማይችል ሻጭ ሲገጥማችሁ የቅጣት ደብዳቤ ከመላካችሁ በፊት የማሸጊያ ቦታውን አሠራር ጠይቁት፤ አሠራሩን እስኪያስተካክል ድረስ ቀለል ያለውን ማስታወቂያ ለተወሰነ ጊዜ ተቀበሉት። ቅጣቱን ፈርቶ ካርቶን የሚፈጥር ሻጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው እናንተን ነው፤ ክምችታችሁ የሚዛባው በእርሱ ማፕ ነውና።

ማፕ ለሚጽፉ የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ማፖች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በወጣው 4010 በተባለው የኤክስ 12 እትም ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እትሙ በሰነዶቹ ውስጥ ያለውን ቀን ወደ 8 አኃዝ ያሳደገ ሲሆን፣ ሰነዶቹን በሚያቅፈው ፖስታ ማለትም በ«አይ ኤስ ኤ» ሴግመንት ላይ ያለው ቀን ግን 6 አኃዝ ሆኖ ቀርቷል። ልዩነቱን የማያውቅ አዲስ ባለሙያ ስሕተት መስሎት ሊያርመው ይችላል፤ ሲያርመውም ርዝመቱ ቋሚ የሆነው ሴግመንት ይፈርሳል። በማፑ ውስጥ አንዲት መስመር ማብራሪያ ብትኖር ይህ አይደርስም። የማካፈያዋን መስመር የጻፈ ሰውም ከጎኗ «መጋዘኑ በካርቶን አይመዘግብም፣ ስለዚህ ይህ ግምት ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ማን ዘንድ ሄዶ ምን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። እኔ የጻፍኳት መስመር ማብራሪያ አልነበራትም። ያንን ድርጅት ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ፤ ማፑ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሠራ እንደነበር ሰምቼ፣ እዚያ ላለው ባልደረባዬ የመስመሯን ቦታና ምክንያቷን ጽፌ ልኬለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሮኒክ የንግድ ሰነድ ልውውጥ ባለሙያ